ልብስ ሰፊው የሰማዩን መንገድ በሜትር የለኩበት ዕለት

የስፌት መኪናው ሞተር ተቃጥሎ በእግር መርገጥ በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ አማቲቱ ከላይኛው ክፍል ወርደው ሶፋው ላይ በነገሡ በሰባተኛው ወር፣ ሥዩመ መርፌ፣ መኰንነ መቀስ፣ የተበላሸ ዚፕ የሚንቀጠቀጥላቸው ልብስ ሰፊው፣ ሜትራቸውን እንደ ኒሻን አንገታቸው ላይ አጥልቀው ለዘመቻ ተነሡ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው፤ ነርሷ ልጃቸው በሩቅ ከተማ ሥራ አግኝታ፣ በረራው አሥር ሰዓት ይፈጃል ብላ ቲኬቷን ብታሳይ፣ አማቲቱ ከሶፋቸው ሳይነሡ አዋጅ አስነገሩ፤ «ወረቀት የጻፉበትን ሁሉ ይቀበላል። ካርታው ግድግዳው ላይ ነው፣ ለኪውም እዚሁ ተጎልቷል። ልጄን ከግማሽ ቀን በላይ ሰማይ ላይ የሚያንጠለጥል አገር ከሆነ ሻንጣው ይፈታ፤ እምቢ ያለ እኔን ተሻግሮ ይሂድ።»

ሰፊውም ይህን ሰምተው ፊታቸውን አጠቆሩ፤ ሆዳቸው ግን ጨፈረ፤ ልጅቱ እንድትሄድ አይፈልጉም፣ አልፈልግም ማለቱም አልሆነላቸውም ነበርና።

ወእምዝ ወደ ጨርቁ ካርታ ዘመቱ፤ በቀኝ ባለቤታቸው መነጽራቸውን ይዘውላቸው፣ በግራ ግማሽ ፀጉሯን ተሠርታ የመጣችው ጎረቤት፣ በደጀን ድመቷ። የራሳቸው ከተማ በካርታው ቀኝ ጠርዝ፣ የሩቂቱ ከተማ በግራው ጠርዝ ነበረችና፣ ሜትሩ ዓለሙን ሁሉ አቋርጦ ስድስት ስንዝር ሆነ። ባለቤታቸው አንድ ጊዜ እህታቸው ዘንድ በበረሩበት መንገድ ተለክቶ፣ አንዱ ስንዝር አምስት ሰዓት መሆኑ በቤቱ የታወቀ ነበር። ስለዚህ አወጁ፤ «ሠላሳ ሰዓት። ምን ላድርግ፣ ሜትር አያዳላም።»

ነርሷም ሻንጣዋን ከፍታ፣ እርሳቸው የሰፉላትን ነጭ ጋውን ታወጣ ጀመር።

በዚያች ሰዓት ሰፊው ካርታውን አዩ፤ ባላዩትም በወደዱ ነበር። እጅጌ ተዘርግቶ ሲታይ ዳርና ዳሩ የማይተዋወቁ፣ ሲገጠም ግን የሚሳሳሙ መሆናቸውን ስንት ዘመን ሲሰፉ አይተውታል። ዝም ቢሉ የሚያጋልጣቸው አልነበረም። እጃቸው ግን አላስችል አለው፤ ካርታውን ከሚስማሩ አውርዶ ጠቀለለው፣ ዳሩን ከዳሩ ገጠመው፣ በሁለቱ ከተሞች መካከልም ባሕር ብቻ ቀረ፤ ሁለት ስንዝር።

ጉሮሯቸውንም ጠርገው አወጁ፤ «እማማ፣ ቅድም የለካሁት ያልተገጠመ እጅጌ ነው። አውሮፕላኑ የሚሄደው በወዲያኛው በኩል ነው። አሥር ሰዓት ነው። ልጅቷ ልክ ናት።»

አማቲቱም የመጨረሻውን አዋጅ አስነገሩ፤ «ቃሌን አላጥፍም፤ ትሂድ። ለዚህ ሰውዬ ግን ዛሬ ራት እንዳትሰጡት።»

ምድርን በጦር የያዙ ጌቶች ብዙ ናቸው፤ ታሪካቸውም ተጽፏል። ዓለምን በሁለት መዳፍ ጠቅልለው ሃያ ሰዓት መንገድ የደመሰሱ፣ በገዛ እጃቸው የገዛ ልጃቸውን የሸኙ፣ ራት ተከልክለውም አልዘጋ ያላትን ሻንጣ ላዩ ላይ ተቀምጠው የዘጉላት፣ ተነሡ እስኪባሉም ድረስ ያልተነሡ ግን እርሳቸው ብቻ ናቸው።