አሥራ አንድ ደቂቃ የእማዬ ድምፅ

ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ የተጠቀለለ ነገር አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ፣ እና «ምንድን ነው እሱ?» ሳይል ማለፍ የማይሆንለት። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ፤ ያውም ከግንባር ቀደሞቹ። ከአማን እስከ ሚዛን ከተማ በባጃጅ ስሄድ ሾፌሩ የት እንደተወለደ፣ ትምህርት ከስንተኛ ክፍል እንዳቋረጠ፣ አማቱ ለምን እንደማይወዱት ሳላውቅ አልወርድም። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በዘንቢል የያዙት ዶሮ ለየትኛው እንግዳ እንደሚታረድም አውቃለሁ፤ ይህን ዶሮው ራሱ ገና አልሰማም። ባለቤቴ ጠባዬን ወሬኝነት ትለዋለች። እኔ ግን የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ጥናት ነው የምለው።

እንግዲህ ይህ ታላቅ ተመራማሪ በአርባ ዓመት ዕድሜው አንድም ቀን ያልመረመረው ሰው ቢኖር እናቱ ነበረች።

እማዬ የቤንች ልጅ ናት። አባቴ ደግሞ ከሰሜን በመምህርነት ተመድበው መጥተው እዚሁ ሚዛን የቀሩ ሰው ነበሩ። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲናገሩ እንዳይሳቅባቸው ብለው፣ በቤታችን ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ እንዳይነገር ደነገጉ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ለእኛ አስበው ነው። እማዬም አልተከራከረችም። ቤንችኛዋን አስቀመጠችው፤ የምታወጣው እህቷ ከገጠር ስትመጣ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ሴትዮዋ ራሷ ትለወጣለች። በአማርኛ ቃል እየመረጠች ቀስ ብላ የምትናገረው እናታችን፣ በቤንችኛ ፈጣንና ቀልደኛ ሆና አክስቴን ሆዷን እስክትይዝ ታስቃታለች። እኛ በሩ ላይ ቆመን የሰው እናት እንደምናይ እናያት ነበር። በምን እንደሚስቁ አንድ ቀን እንኳን ጠየቅኳት ወይ? አልጠየቅኳትም። የማላውቀው ሰው ቢሆን ኖሮ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ባወቅሁት።

አባቴ ከሞቱ በኋላ፣ አንድ የክረምት ቀን ከሰዓት፣ እማዬና አክስቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ኮረሪማ ይፈለፍላሉ። እኔ ወደ ከተማ ልወጣ ስል ዝናብ ያዘኝ። የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ አንዴ ከያዘ ሰው ሐሳቡን እስኪለውጥ አይለቅም። እዚያው ቆሜ ሳያቸው ድንገት አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ይቺ ሴት በልጅነቷ ምን ትመስል ነበር? ከየት ተነስታ እዚህ ደረሰች? አባቴን መጀመሪያ ስታያቸው ምን አሰበች? ጥያቄው በአርባ ዓመቱ እንደመጣ ለማንም አልተናገርኩም፤ በቀጥታ ስልኬን አውጥቼ ከኮረሪማው ሰፌድ አጠገብ አስቀመጥኩ። የልጅነትሽን ታሪክ ንገሪኝ፣ በራስሽ ቋንቋ ይሁን፣ ለልጅ ልጆችሽ ይቀመጣል አልኳት። ድምፄ ሁሉ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ድምፅ ሆኖ ነበር።

እማዬ ስልኩን አየች፤ እኔን አየች፤ ከዚያ ወደ አክስቴ ዞራ ጀመረች። አሥራ አንድ ደቂቃ ተናገረች። መሐል ላይ ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ። ቆየት ብሎ የእማዬ ድምፅ ዝቅ አለ፤ አክስቴም መፈልፈሏን አቆመች። በመጨረሻ እማዬ እኔን እያየች አንድ ረዘም ያለ ነገር በእርጋታ ተናግራ ወደ ኮረሪማዋ ተመለሰች። አመሰገንኳት። ምን እንዳለች ግን አልጠየቅኳትም። ለምን እጠይቃለሁ? ተቀርጿላ!

በዓመቱ እማዬ ታመመች፤ አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ ሦስት ሳምንት አልቆየችም። ሐኪሙ ሕመሙ የቆየ ነው፣ ቀደም ብላችሁ ብታመጧት ጥሩ ነበር አለን። እኛም አላወቅንም አልነው፤ እውነታችንን ነበር።

ለቅሶው ላይ ከገጠር የመጡ አንዲት አሮጊት ደረታቸውን እየደቁ አንድ ስም ደጋግመው ይጠሩ ጀመር። አጠገቤ የቆመውን ጎረቤታችንን፣ ሌላም ሰው ሞቷል እንዴ፣ ማንን ነው የሚያለቅሱት ብዬ ጠየቅኩት። ሰውየው ትንሽ አየኝና እናትህን ነው አለኝ። እኛ የምናውቀው አስካለ የሚለው ስም ለካ የክርስትና ስሟ ነው፤ ስትወለድ የወጣላት ስም ሌላ ኖሯል። ያንን ስም እዚህ ልጽፈው ፈልጌ ነበር። ግን ቤንችኛ ድምፁ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ቃሉ ሌላ ትርጉም ይይዛል፤ የእናቴን ስም ስጠራ ሌላ ነገር እንዳልላት ፈራሁ።

ከዚያ ወዲህ የቀረችኝ ያቺ አሥራ አንድ ደቂቃ ናት። በፍላሽ ገለበጥኳት፤ በሚሞሪ ካርድ ገለበጥኳት፤ አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ላክሁላት፤ ትምህርት ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ሳይቀር ደበቅኳት። የአባቴ ዘመዶች ሲመጡ እከፍትላቸዋለሁ። እነሱም ቃሉ አይገባቸውም፣ እኔም አይገባኝም፤ ግን አብረን እናለቅሳለን። ይባስ ብዬ ማብራሪያ መስጠት ጀመርኩ። የሚሳቅበት ቦታ ላይ ይሄ የሠርጓ ቀን ነው እላለሁ። ድምጿ ዝቅ የሚልበት ላይ፣ ይሄ አባቷ የሞቱበት ነው እላለሁ። ማን ነገረህ የሚል ሰው አልነበረም። የታሪክ መምህር ነኛ።

አክስቴ ዘንድ በሞተር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አልሄድኩም። መንገዱ ጭቃ ነው አልኩ፤ ሲደርቅ ፈተና አለብኝ አልኩ፤ ፈተናው ሲያልቅ ዝናቡ ተመልሶ መጣ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው። ትርጉሙን ከሰማሁ እማዬ የምትነግረኝ አዲስ ነገር ያልቃል ብዬ ነው።

ባለፈው የካቲት ግን ሄድኩ። አክስቴ አርጅታለች፤ ዓይኗም ደክሟል። ስልኩን ስሰጣት በሁለት እጇ ይዛ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። የእህቷን ድምፅ ስትሰማ ፊቷ በራ። ቀጥሎ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች፤ እስከ መጨረሻው እንደዚያ ሆና ሰማች። ምን አለች ስላት ድምጿን ሰማህ አይደል፣ ይበቃሃል ብላ ስልኩን መለሰችልኝ። ለመንኳት። ብዙ ለመንኳት።

ቀስ እያለች ነገረችኝ። የሳቁት በእኔ ነው። እማዬ፣ መንገደኛውን ሁሉ የሚመረምር ልጄ እኔን ዛሬ ዝናብ ሲይዘው አስታወሰኝ፤ እዪው ደግሞ፣ አንድ ቃል ሳይገባው ራሱን ይነቀንቃል ብላ ነው። እውነት ነው፤ እነቀንቅ ነበር።

«ድምጿ ዝቅ ያለበትስ?» አልኳት።

አክስቴ መሬት መሬት አየች። «ጎኔን ይወጋኛል ነው የምትለው። ሌሊት አያስተኛኝም፣ ለልጆቹ ግን እንዳትነግሪ፣ ይደነግጣሉ አለችኝ። እኔም አልተናገርኩም፣ ልጄ። እሺ ብያት ነበር።»

እንግዲህ እናቴ ሕመሟን የተናገረችው ፊት ለፊቴ፣ ከእጄ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጣ ነው። እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ ቀርጬዋለሁ። በአራት ቦታ አስቀምጬዋለሁ። አባቷ የሞቱበት ነው እያልኩ ለእንግዳ አስደምጬዋለሁ።

ለመነሳት ስዘጋጅ መጨረሻ ላይ እኔን እያየች የተናገረችው ትዝ አለኝና እሱንስ አልኳት። አክስቴ እሱ ቀላል ነው አለች።

«‹አሁን ቸኩሏል፤ ቋንቋዬን ተምሮ ይምጣና ሁሉንም ከመጀመሪያው እነግረዋለሁ። እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድም› ነው ያለችው።»

ቀረጻው እዚያ ላይ ያበቃል። ጨረሰች ብዬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።