የጋሽ መኩሪያ መኪና የኋላ ዓይን

እኛ ሰዎች አዲስ ነገር ወደ ቤት ሲገባ አሮጌውን ገፍተን ካላስወጣን አዲስነቱ አይታየንም። አዲስ ወንበር የገዛ ሰው የአባቱን ወንበር ጓሮ ያወጣዋል፤ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ተመልሶ ያዝንለታል። ሁለቱን አስማምቶ ማኖር ትልቅ ጥበብ ነው፤ ይህን የሚችል ሰው በየከተማው አይገኝም። እኛ ነገሌ ቦረናዎች ግን አንድ አለችን። ጋራዧ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ጥድፊያ ካለባችሁ አትሂዱ።

ነገሩ የጀመረው ከጎረቤቴ ከጋሽ መኩሪያ አንገት ነው። ጋሽ መኩሪያ ዕድሜያቸውን የመንግሥት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከነገሌ እስከ ቦሬ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ እንደ ዘመድ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ታዲያ ሕመም አንገታቸውን አደረቀውና ዘወር ብሎ ማየት ቀረ። አንድ ቀን የሰው መኪና ወደ ኋላ ሲያስኬዱ የአንዲት ወተት ሻጭ ጀሪካን ላይ ወጡ። ሴትዮዋ ዘላ ተረፈች፤ ወተቱ አስፋልቱን አጠበው። ጋሽ መኩሪያ ያን ዕለት "ከእንግዲህ በእግሬ ነኝ" አሉ። ሾፌር በእግሩ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በየመታጠፊያው እጁ መሪ ይፈልጋል።

ልጆቻቸው ይህን ሲሰሙ ተሰባስበው ከጃፓን የመጣ ያገለገለ መኪና ላኩላቸው። ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ከኋላው ካሜራ ተተክሎለታል፤ ማርሹን ወደ ኋላ ሲያስገቡት ከጀርባ ያለው ሁሉ ፊት ለፊት ስክሪኑ ላይ ይታያል። ጋሽ መኩሪያ እንደገና ሾፌር ሆኑ። ችግሩ፣ ስክሪኑ ከጃፓንኛ በቀር አያውቅም። ካርታው የጃፓን ነው፤ ሬዲዮው የእኛን ጣቢያ አይዝም። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ አንዲት ሴት በጃፓንኛ አንድ ነገር ትላቸዋለች፤ እሳቸውም "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ?" ይሏታል።

ይህን ያየች ሴት ልጃቸው የአገራችንን ካርታ፣ ሬዲዮና ስልክ አንድ ላይ የያዘ አዲስ ስክሪን ገዝታ ላከችላቸው። አንድ ገጣጣሚ አየውና ፈረደ፦ "አዲሱ ከገባ የፋብሪካው ካሜራ ይቀራል። መሪው ላይ ያሉት ቁልፎችም ከእንግዲህ ጌጥ ናቸው።" ጋሽ መኩሪያ ያ የፈሰሰ ወተት ፊታቸው ላይ ድቅን አለባቸው። እኔም እጃቸውን ይዤ ከመናኸሪያው ጀርባ ወደ ኦብሴ ወሰድኳቸው።

ኦብሴ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ናት። ስሟ በኦሮምኛ "የታገሰች" እንደ ማለት ነው። "አካም ጋሼ፣ ናጋ?" ብላ ተቀበለቻቸውና ዳሽቦርዱን ፈታ፣ የሽቦውን ጥቅል አውጥታ፣ በመለኪያዋ አንድ በአንድ ነካካችው።

"ሁለቱም ይሠራሉ" አለች። "ግን ይህ ካሜራ የለመደው ስድስት ቮልት ነው፤ አዲሱ ስክሪን የሚሰጠው አሥራ ሁለት። መሐል ላይ ኃይሉን የሚቀንስ ዕቃ ያስፈልገዋል። ከሐዋሳ አስመጣለሁ።"

"እሁድ የልጅ ልጄ ክርስትና ነው፤ ክብረ መንግሥት መድረስ አለብኝ" አሉ ጋሽ መኩሪያ። "በቀጥታ አያይዢውና ልሂድ።"

"ላኪ!" አለች በኦሮምኛ፤ "አይሆንም ጋሼ። ከተቃጠለ ሌላ ዓይን ከየት አመጣልዎታለሁ?"

"መኪናው የኔ ነው!"

"መኪናው የእርስዎ ነው። እጁ ግን የእኔ ነው።"

ጋሽ መኩሪያ ተቆጥተው ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጤነኛ አንገት ያለው ሰው ቢሆን በትከሻው ላይ አየት አድርጎ ይጨርሰው ነበር፤ እሳቸው ግን በጠባብ መንገድ ላይ እንደሚዞር የጭነት መኪና መላ ሰውነታቸውን ቀስ ብለው አዞሩ።

"ዕቃው መቼ ይደርሳል?" አሉ።

ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ደረሰ። ኦብሴ ዕቃውን ቀጠለች፤ አዲሱን ስክሪን ቦታው ላይ አስገባች፤ ማርሹ ወደ ኋላ ገባ። ስክሪኑ ጨለማ።

"አቃጠልሽው?" አሉ ጋሽ መኩሪያ፤ ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፣ የፍርሃት ነበር።

ኦብሴ ስክሪኑን መልሳ አውጥታ ገመዱን በጣቶቿ እየተከተለች ብዙ ቆየች። ከፋብሪካው የመጡ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች መልካቸው ተመሳስሎባት አቀያይራቸው ኖሯል። "ተሳስቻለሁ" አለች፤ ልክ "ውሃ አቀብለኝ" እንደሚል ሰው። እኔ እሷን ያደነቅኋት ያን ጊዜ ነው፤ ስንቱ ባለሙያ ጥፋቱን በመኪናው ያላክካል! አስተካክላ ቀጠለች።

"አንተ፣ ከኋላ ቁም!" አሉኝ ጋሽ መኩሪያ። ቆምኩ። "እጅህን አንሣ!" አነሣሁ። ከዚያ ሄጄ በመስኮት ሳይ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "ሙሉ ሰው ነህ" አሉኝ፤ "ከነጫማህ አየሁህ።"

ኦብሴ ግን ገና አልጨረሰችም። የመሪውን ቁልፎች እያንዳንዳቸውን እየተጫነች አዲሱን ስክሪን አስተማረችው፦ ይህ ድምፅ መጨመሪያ፣ ይህ መቀነሻ፣ ይህ ስልክ ማንሻ። ወዲያው ስልክ ጠራ። ጋሽ መኩሪያ በአውራ ጣታቸው ጫን ቢያደርጉት የባለቤታቸው የእትዬ አስቴር ድምፅ በፋብሪካው ድምፅ ማጉያዎች ሁሉ ጋራዡን ሞላው፦ "አንተ ሰውዬ፣ ምሳህ እኮ ድንጋይ ሆነ!" ጎረቤት ያሉት ሱቆች ሳይቀሩ ሰሙ። ጋሽ መኩሪያ አላፈሩም። "ጥራቱን ሰማችሁ?" አሉን።

እሁድ ጠዋት ለክርስትናው አብሬያቸው ለመሄድ ነጭ በነጭ ለብሼ ስጠብቅ የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ። በሩን ስከፍት ወደ እኔ የሚመጣው የመኪናው ፊት ሳይሆን ጀርባው ነው። ጋሽ መኩሪያ ከግቢያቸው አንሥቶ እስከ እኔ በር ያለውን ቅያስ በሙሉ፣ ፍየሎችን በትሕትና እያሳለፉ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ ወደ ኋላ ነድተው መጥተዋል። ሰፈሩ በየደጁ ወጥቶ ያያል።

"በሰላም ነው?" አልኳቸው እትዬ አስቴርን፤ ቦርሳቸውን ታቅፈው ከጎናቸው ተቀምጠዋል።

"እኔ የማውቀው ክብረ መንግሥት ወደ ፊት እንደነበር ነው" አሉኝ። "እሱ እንደያዘው ከሆነ ግን በተቃራኒው ሜጋ ሳንገባ አንቀርም። በል ግባ፣ ክርስትናው ሳያልፍ።"