የማጥፊያ ቃላት ሊቅ፣ ጋሽ ወንድይፍራው

ጠዋት ጠዋት ከበራቸው ብቅ ሲሉ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይቀድም፣ ጋሽ ወንድይፍራው መዳፎቻቸውን አጋጭተው ጠመኔ ያራግፋሉ። ጠመኔ የለም። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ግን ያራግፋሉ።

በየከተማው እንዲህ ያለ መምህር አለ፤ ትምህርት ቤቱ ሲያሰናብተው ከተማውን በሙሉ ክፍል አድርጎ ማስተማሩን የሚቀጥል። ለእኛ ለጂንካዎች የደረሱን የእንግሊዝኛው ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው። ያውም እንግሊዝኛውን ሁሉ ቢሆን በታገስን። የክቡርነታቸው ልዩ ሙያ ማጥፋት ነው፦ ማፍረስ፣ መሰረዝ፣ መደምሰስ፣ መንቀል። በ1983 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምሩ መንግሥት ፈርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ባለሥልጣን ሁሉ የሚሽረው ነገር ይዞ ነው የመጣው ይላሉ፤ የድሮውን መጽሐፍ፣ የድሮውን ስም፣ የድሮውን ካርታ። «ሌላውን ምዕራፍ መቼ አስለመዱን? ደግሞ ጥፋት ሁሉ አንድ አይደለም!»

ይህቺን «ጥፋት ሁሉ አንድ አይደለም» ጂንካ ውስጥ ያልሰማ ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው።

አንድ ቀን ገዘር ሊሄዱ መናኸሪያ ቆመው፣ ረዳቱ «ጋሼ፣ የጠዋቱ ካንስል ሆኗል፤ በሚቀጥለው ግቡ» አላቸው።

«ትኬት ነው ካንስል የሚሆነው! ጉዞ ኮል ኦፍ ይደረጋል!»

ልዩነቱን እስኪያስረዱት የሚቀጥለው ሚኒባስ ሞልቶ ሄደ። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ሆኑ ይባላል?» ሲል መናኸሪያው በሳቅ ሞላ።

ነጋዴው አብደላም አልተረፈም። «አይጦቹን በመድኃኒት ክሊር አደረግኳቸው» ብሎ ደስታውን ሊያካፍላቸው ቢሞክር፣ «ክሊር የሚደረግ ጠረጴዛ ነው፤ አይጥ ዋይፕ አውት ይደረጋል። አንዲት ብትቀር ግን ቃሉ አይሠራም» አሉት። ይኼኔ አንዲት አይጥ ከስኳሩ ጆንያ ኋላ ብቅ አለች። «ይኸው ምስክር!» አሉ፣ ራሳቸው የጠሯት ይመስል።

እኔንም አልማሩኝም። ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ፣ በስንት ማፈር፣ ስለ ፈረሰ ልብ የጻፍኩትን ግጥም አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው «ይሄ ልብ ፎል አፓርት ነው ወይስ ፑል ዳውን?» አሉኝ። «በራሱ የፈረሰና ሰው ያፈረሰው አንድ አይደለም፣ ስሚ የምሥራች።» ግጥሙን ይዤ ወጣሁ። ሳምንት ሙሉ በደጃቸው አላለፍኩም።

ከዚያ መንገድ ሊሰፋ ነው ተባለ። የድሮ ተማሪያቸው እዩኤል ከሚሠራበት ማዘጋጃ ቤት ቀይ ቀለም ይዞ መጣና በፊት ለፊቷ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት አደረገ። ያቺ ክፍል የሠፈሩን ልጆች በነፃ የሚያስተምሩባት ናት። አንደኛውን የውስጥ ግድግዳ በአሮጌ የባትሪ ድንጋይ ዱቄት ራሳቸው አጥቁረው ሰሌዳ አድርገውታል።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ክፍሏ ዲሞሊሽ ልትደረግ ነው» አለ እዩኤል አንገቱን ደፍቶ።

«ዲሞሊሽ? ለጭቃ ቤት? ያስተማርኩህ ይህን ነው? ኖክ ዳውን በል!»

«እሺ ጋሼ። ኖክ ዳውን።»

ድምፄ ከፍ ብሎ አያውቅም፤ የዚያን ዕለት ግን ጮህኩ። «ቤትዎ ሊፈርስ ነው እኮ! አቤት እንደ ማለት ቃል ይመርጣሉ?»

የጮህኩት ሰሌዳው ጥግ ላይ ያለውን ስለማውቅ ነው። ባለቤታቸው እትዬ አሰገደች ከጓዳ የጎደለውን ሁሉ እዚያ ላይ ይጽፉ ነበር። እሳቸው «ይሄ ሰሌዳ ነው እንጂ የገበያ ዘንቢል አይደለም!» እያሉ በኮታቸው እጅጌ ያጠፉታል፤ ሴትዮዋ ደግሞ በማግስቱ ይጽፋሉ። የመጨረሻውን ጽፈው ያን ዕለት ከሰዓት ሆስፒታል ገቡ፤ አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ ያ ሁሉ የማጥፊያ ቃል የሚያውቁት ሰው ያቺን ጥግ ነክተዋት አያውቁም። ልጆቹንም አያስነኩም። ጽሑፏ «ወንዴ፣ ጨው አልቋል» ትላለች።

ማፍረሻው ማሽን የመጣ ዕለት ጋሽ ወንድይፍራው ዶማ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ሊጣሉ ነው ብዬ ፈራሁ።

«እዩኤል፣ ሌላውን አንተ ኖክ ዳውን አድርግ። ሰሌዳውን ግን እኔ ቴክ ዳውን አደርገዋለሁ።»

«ምን ለየው ጋሼ? ያው መፍረሱ አይደል?»

«ቴክ ዳውን፣ ሰው በእጁ ያቆመውን በእጁ ሲያወርድ ነው። ጥፋት ሁሉ አንድ አይደለም፣ አንተ ደንቆሮ!»

እዩኤል ማሽኑን አስጠፋ። ጋሽ ወንድይፍራው ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች፣ ጓል በጓል አወረዱት። ጥጓ ላይ ሲደርሱ ዶማውን አስቀምጠው በጣታቸው ፈልፍለው አወጧት። መዳፋቸው ላይ ብትንትን አለች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ደፍሬ «ለዚህስ ምን ይባላል፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

ብትንትኗን መዳፋቸው ውስጥ ጨብጠው ያዙ። ያን ጊዜ ብቻ እጃቸውን ሳያራግፉ ቀሩ።

ሰንብቼ ስለ እርሳቸው ልጽፍ ፈቃድ ስጠይቅ «ጻፊ» አሉኝ። «ረዳቱንም፣ አይጧንም፣ ግድግዳውንም ጻፊ። የሠፈራችንን የሱአድን ሱቅ ነገር ብቻ ሊቭ አውት አድርጊልኝ።»

ግድግዳው የወረደ ዕለት አመሻሽ ላይ፣ አቧራቸውን እንደ ለበሱ ሱአድ ሱቅ ገብተው ጨው ገዙ።