ሞስኮ እዚችው ማዶ ናት

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው ቅዳሜ ቀን ነው። የላሊበላ ገበያ ቀን። ስብሰባው በገበያ ቀን የተጠራው ሕዝቡ በገዛ ፈቃዱ እንዲገኝ ነው፤ በየበሩ አብዮት ጠባቂ የቆመውም ለዚሁ ነው።

የላስታ ሰው ለመንገደኛ «ሩቅ ነው» አይልም። ነውር ነው። ከብልባላ ስትመጣ ጉልበትህ ከድቶህ ብትጠይቀው፣ በአገጩ ጋራውን ያሳይህና «እዚችው ማዶ ናት፤ ደርሰህ የለም እንዴ!» ይልሃል። ጀንበር ስትጠልቅም አልደረስክም። ዋሸኝ እንዳትል። የመንገደኛን ወኔ ከመስበር መዋሸት ይሻላል ብሎ ነው። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጂኦግራፊ ስለተማርኩ ይህን ደግነት ረስቼዋለሁ። ትምህርት ስንቱን ያስረሳል!

በዚያ ሰሞን አንድ የሞስኮ የትምህርት ዕድል መጣ። ዲግሪ ያለው ይወዳደር ተባለ። በአካባቢው ዲግሪ ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ከማን ጋር እንደምወዳደር ግራ ገባኝ። ለካ የቀበሌው ሊቀመንበር አማች፣ የኅብረት ሱቁ ሻጭ ካሳውም ተመዝግቧል። የቅዳሜው ስብሰባ ከሁለታችን አንዱን ለመምረጥ ነበር።

ሊቀመንበሩ «ጓድ መምህር፣ ለመሆኑ ሞስኮ ምን ያህል ትርቃለች?» ሲለኝ ፈተና መሰለኝ። ተነስቼ አብራራሁ። ከዚህ በቀጥታ ቢበረር አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን በቀጥታ አይበረርም። መጀመሪያ ወደ ደቡብ፣ ወደ አዲስ አበባ ይኬዳል። ከዚያ እንደገና በመጡበት አቅጣጫ ወደ ሰሜን ይበረራል፤ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ማረፍም ይኖራል። ክረምት ከገባ ደግሞ የእኛ ሜዳ ስለሚጨቀይ አውሮፕላኑ ከነአካቴው አይመጣም። ባጭሩ፣ አልኩ፣ ሩቅ ናት።

ፊደል ያስቆጠሩኝ መሪጌታ ከአሸተን ማርያም ለገበያ ወርደው ስብሰባው ይዟቸው አጠገቤ ተቀምጠዋል። በክርናቸው ጎሰም አድርገው «አንተ ልጅ፣ በገዛ መንገድህ ላይ ታሟርታለህ?» አሉኝ።

እውነቱን እኮ ነው የተናገርኩት፣ የኔታ፣ አልኳቸው።

«እውነቱንማ ማን ጠየቀህ? ልብህን ነው እንጂ የጠየቀህ!»

ተራው የካሳው ሆነ። ካሳው እንኳን ካርታ፣ የሱቁን መደርደሪያ በቅጡ አያውቅም። አገጩን ወደ መስኮቱ ቀሰረና «እዚችው ማዶ ናት!» አለ። ጣሪያው እስኪነቃነቅ ተጨበጨበለት። ሊቀመንበሩም ጓድ መምህር ገና ሳይነሳ ስለደከመው ዕድሉ ላልደከመው ይሰጥ አለና እጅ አስወጣ። መሪጌታ የቀበሌው ነዋሪ ባይሆኑም አወጡ። እኔም አወጣሁ። ዘመኑ እጅ የሚታጠፍበት አልነበረም።

ካሳው ከዓመታት በኋላ የፀጉር ቆብ ደፍቶ ተመለሰ። አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሄጄ ተቀበልኩት። ሌላ አልጠየቅኩትም፤ በረራው ስንት ሰዓት እንደፈጀ ብቻ ይንገረኝ አልኩ።

«እኔ እንጃ መምህር፤ ስሄድም ስመለስም ተኝቼ ነበር» አለኝ።

እናንተ በዚያ ስብሰባ የነበራችሁ፣ ሊቀመንበሩም ጭምር፣ እስቲ አንዳችሁ እንኳ መልሱልኝ፤ ካሳው ያን ሁሉ አገር የተኛው በማን ወንበር ላይ ነው?