ካሳንድራን የሰሙ ሰው

የስማችሁን ትርጉም ሳይነግራችሁ ሰላምታችሁን የማይቀበል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ካለም ገና አልተከፈተም። የእኛው፣ የጋዜጣችን አራሚ፣ 'ጋሽ መዝገበ ቃላት' የምንላቸው ክቡር ሰው ናቸው።

"ስም ማለት አጭር ታሪክ ነው" ይላሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። ሌላው ሰው ስም የሚያስፈልገው ሲጠሩት አቤት ለማለት ብቻ ይመስለዋል። ሾፌራችንን "ስምህ የረጋ ማለት ነው" ካሉት ወዲህ መኪና መቅደም እንኳ ይሳቀቃል። ለጽዳት ሠራተኛዋ የስሟን ሥርወ ቃል ሲተነትኑላት ባልዲው ሞልቶ ኮሪደሩን ጎርፍ ወስዶታል።

አዲሷ እንግዳ ተቀባይ የመጣች ዕለት ግን ሲሳይ ወረደላቸው።

"ስምሽ ማነው ልጄ?"

"ካሳንድራ።"

እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰኩ። እኛ ተያየን።

"የግሪክ ነው። አንዳንዱ 'በሰዎች ላይ የምታበራ' ይለዋል፤ ሊቃውንቱ ግን አልተስማሙም። የትሮይ ንጉሥ ልጅ ናት። ከአማልክቱ አንዱ፣ አፖሎ፣ ወደዳትና ትንቢት ሰጣት። እንቢ ስትለው የሰጣትን መቀማት ስላልቻለ ረገማት፤ እውነት ትናገራለች፣ ማንም አያምናትም። 'ጠላት የተደበቀበትን የእንጨት ፈረስ አታስገቡ' አለቻቸው። አስገቡት። ከተማዋ ነደደች።"

"አባቴ ድምፁ ደስ ብሎት ነው ያወጣልኝ" አለች ልጅቷ፣ ፊቷ ጠቁሮ።

የስፖርት አምድ አዘጋጁ ያን ቀን ቀልድ አገኘ። "ዋና አዘጋጁ ይፈልጉሃል" ስትለው፣ "አትመኗት፣ ካሳንድራ ናት!" ይላል። እኛም እንስቃለን። መጀመሪያ እሷም ትስቅ ነበር። እያደር ግን ከ"እሺ" በቀር ቃል አይወጣትም፤ ሌላ ሥራ እየፈለገች መሆኑንም ሰማን።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋዜጣውን ወደ ማተሚያ ቤት ለመላክ ስንጣደፍ በሩ ላይ ቆመች።

"የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል።"

"ጀመራት!" አለ የስፖርቱ ሰው።

"ከውጭ ነው፤ መስኮቱን ዝጉት" አሉ ዋና አዘጋጁ።

ጋሽ መዝገበ ቃላት ከወንበራቸው ተነሱ። "ወዴት በኩል ነው ልጄ?" ብለው ተከትለዋት ከደረጃው ሥር ወዳለው የወረቀት ማከማቻ ወረዱ። ወዲያው ጮኸው የማያውቁት ሰውዬ ጮኹ፦ "ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!"

በወረቀቱ ክምር መሃል የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ይጨስ ነበር፤ ወረቀቱም መያያዝ ጀምሯል። ሾፌሩ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋ፤ እሳቱም ግማሹን ክምር ከበላ በኋላ በማጥፊያ ተገታ። ሰው አልተጎዳም።

መንገድ ዳር ቆመን ስንሳል ዋና አዘጋጁ ጠየቁ፦ "ጋሼ፣ በዚያ ተረት የተነሳ ነው ያመኗት?"

"የምን ተረት? እኔ ጉንፋን አፍኖኛል። እሷ አፍንጫ አላት።"

ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። "ታሪኩን ስናገር አበላሽቼብሻለሁ። ጥፋቱ የስሙ አስመሰልኩት። ጥፋቱ የሰሚዎቹ ነበር።"

የስፖርቱ ሰው ጫማውን ያይ ጀመር። እሷም ሥራዋን አልለቀቀችም።

በቀደም ጋሽ መዝገበ ቃላት የዓመት ፈቃድ ወጡ። እፎይ እንላለን ብለን ነበር። አንድ እንግዳ ገባና ስሙን ተናገረ፤ ሁላችንም ቀና ብለን ጠበቅን። ትርጉሙን የሚነግረው ግን አልነበረም። ቢሮው ቀፈፈን።

ስልክ አንስቼ ቤታቸው ደወልኩ። የሰውየውን ስም ነገርኳቸው፤ መነጽራቸው ወደ ግንባራቸው ሲወጣ የታየኝ መሰለኝ። ስልኩን ለእንግዳው አቀበልኩትና ወንበር ሳብኩለት።