ስምንት ሰው የሚሞላው አግዳሚ

መሥሪያ ቤታችን በብዙ ነገር ይታማል፤ አይማርም ተብሎ ግን አይታማም። ዘንድሮ እንኳ ኃላፊያችን ታላቅ ዕውቀት ይዘውልን መጥተዋል። ዕውቀቱ የተገኘው ከአማታቸው ነው።

አማትየዋ ስልካቸው ላይ ብሎክ የሚደረደርበት ጨዋታ ይጫወታሉ። ስምንት በስምንት የሆነ ባለ ካሬ ሰሌዳ አለ፤ ሦስት ሦስት ቅርጽ ይሰጣል፤ እያነሱ ማስቀመጥ ነው። አንድ መስመር ከዳር እስከ ዳር ሲሞላ ይጠፋል፤ ቦታ ይለቀቃል። ማስቀመጫ ሲታጣ ጨዋታው ያልቃል። አማትየዋ አራት ሺህ ነጥብ አመጡና በምሳ ሰዓት፣ ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «አንተስ የኔ ልጅ፣ ስንት ደረስክ?» ብለው ጠየቋቸው። ኃላፊያችን የደረሱት መቶ ሃያ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልወረደላቸውም።

ቁጭት ሥራ ያሠራል። ሰኞ ጠዋት ማስታወሻ ወጣ፦ «የመሥሪያ ቤቱን የቦታ አጠቃቀም አቅም ለመገንባት ሲባል ሠራተኛው በሙሉ የብሎክ አደራደር ሥልጠና እንዲወስድ ታዟል።» መዝገብ ያዡ ቅርጾቹን ማዞር ለምን እንደማይቻል ጠየቀ፤ ኃላፊውም «መመሪያ አይዞርም» ብለው አስረዱት። ጸሐፊዋ በሁለተኛው ቀን ሰባት መቶ አመጣች። ኃላፊው ፊታቸውን ሲያጠቁሩባት በማግስቱ ዘጠና ላይ ወረደች። ብልህ ሠራተኛ ናት፤ የደረጃ ዕድገቷም በመታየት ላይ ነው።

ዕውቀት ደግሞ ስልክ ላይ አይቀርም፤ ወደ ሥራ ይወርዳል። ኮሪደሩ ላይ ባለጉዳይ የሚጠብቅበት ረጅም አግዳሚ አለ። ኃላፊው ለክተው ልክ ስምንት ሰው እንደሚይዝ ሲያውቁ እንባ ተናነቃቸው። ወዲያው መመሪያ ተለጠፈ፦ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፣ አግዳሚው ስምንት ሰው ሳይሞላ መስኮት አይከፈትም።»

በዚህ ጥበብ ያልተደሰተችው አንዲት ልብስ ሰፊ ብቻ ነበረች። ሱቅ ለመክፈት ፈቃድ ትፈልጋለች። የቀራት አንድ ፊርማ ነው። አከራይዋ ግን «እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ፈቃዱን ካላመጣሽ ክፍሉን ለፀጉር አስተካካዩ እሰጠዋለሁ» ብሏታል። አሥራ አንድ ቀን ተመላለሰች። አንድ ቀን ሰባት ይሆናሉ፣ ሌላ ቀን አምስት። ሐሙስ ዕለት እንደ ምንም ስምንት ሰው ሞላ፤ እሷ ግን ታክሲ ጠፍቶ ትንሽ ዘግይታ ነበር።

«እርስዎ ዘጠነኛ ነዎት፣ እህቴ» አላት ጥበቃው።

«ታዲያስ?»

«አዲስ መስመር ይጀምሩ።»

«ብቻዬን?»

«ሁሉም ከአንድ ነው የሚጀምረው። ለዛሬ ቦታ የለም፤ እንደገና ይሞክሩ።»

ዓርብ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ሰልፍ አስከትላ መጣች። እናቷ፣ ሁለት እህቶቿ፣ የባሏ ወንድም፣ አጎቷ፣ ጎረቤቷ፤ ሰባተኛዋ ልትሞሸር የደረሰች ደንበኛዋ ስትሆን፣ ያላለቀውን ቬሎዋን ከነስፒሉ እንደለበሰች ነው የተጎተተችው። አግዳሚው ጢም አለ።

«ሞላ!» ብሎ ጮኸ ጥበቃው። መዝገብ ያዡ መስኮቱን ከፈተ፣ ስምንቱን ቆጠረ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ትናንት ማታ ማሻሻያ ወጥቷል። የሞላ መስመር ወዲያው ይጠፋል ነው የሚለው።»

«ይጠፋል ማለት?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እህቴ! በቃ ተነሡና ጥፉ።»

ጥበቃው ስምንቱንም በታላቅ አክብሮት ወደ በሩ ይነዳ ጀመር። ሙሽራዪቱን ሊደግፍ ሲል ስፒል ወጋው። እሱ ጣቱን ሲመጥ ልብስ ሰፊዋ ሾልካ የኃላፊውን ቢሮ በርግዳ ገባች። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ኃላፊው ቀና አላሉም። ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ላይ ናቸው። ሰሌዳው ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ በእጃቸው ያለችው አንዲት ባለ ሦስት ካሬ ማዕዘን ናት።

«ጌታዬ፣ ፊርማ...»

«ዝም በይ! አማቴን ላልፍ ነው!»

ጎንበስ ብላ አየች። «ይቺ ማዕዘን የት እንደምትገባ አውቃለሁ።»

«አንቺ? የት ተምረሽ?»

«እዚሁ አግዳሚው ላይ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ምን ስሠራ የከረምኩ መሰለዎት? ዘጠኝ ሺህ ገብቻለሁ።»

ኃላፊው ለባለጉዳይ ከመቀመጫቸው ብድግ ሲሉ የመጀመሪያቸው ነበር። ወረቀቱን ሳያነቡ ፈረሙ። በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ ከዚህ የፈጠነ አገልግሎት ተሰጥቶ አያውቅም፤ በሩብ ዓመቱ ሪፖርትም ሰፍሯል።

ልብስ ሰፊዋ ፈቃዱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ዚፑንም ዘጋች።

«መሃል ላይ» አለች።

አስቀመጡ። ሦስት ነጥብ ተጨመረ። ሦስት አዳዲስ ቅርጾች መጡ፤ አንዳቸውም የሚገቡበት አልነበረም። ሰሌዳው ግራጫ ሆነና ጽሑፍ አወጣ፦ «ቦታ የለም። እንደገና ይሞክሩ።»

«ሴትዮ! ምን አደረግሽኝ?»

«ምንም፣ ጌታዬ» አለች በሩን እየከፈተች። «ለዛሬ ሞልቷል። ሰኞ በማለዳ ብቅ ይበሉ፤ ሲመጡ ግን ሰባት ሰው ይዘው።»