የእትዬ ገበያነሽ ቋንጣ

አዲስ አበባ ውስጥ ባዶ እጁን መንገድ የወጣ ሰው የለም። ማንም እንዳይሰማ ተጠንቅቀህ ሻንጣህን ብትቆልፍ እንኳ፣ በሩን ስትከፍት አንዲት ሴትዮ ማዳበሪያ ይዘው ቆመው ታገኛለህ። «ቀላል ነው፣ እጅህንም አይከብድህም» ይሉሃል። ማዳበሪያው የወይፈን ግማሽ ይመዝናል። እንዲህ ያሉ አደራ ላኪዎች በየሰፈሩ ሞልተዋል፤ የካዛንቺስዋ እትዬ ገበያነሽ ግን የሁሉም አለቃ ናቸው።

ክብርት እትዬ ገበያነሽ ጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ሲሆኑ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ማንም ሳይሾማቸው የአደራ ሚኒስትር ናቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ዮአብንና ሚስቱን ልዩን ጅቡቲ ከላከች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ባልና ሚስቱ በአንዲት በረሃማ ከተማ፣ አርባ የማይሞሉ ምእመናን ያሏትን ደሃ ቤተ ክርስቲያን ያግዛሉ። ሌሎቻችን በጸሎት እንደግፋቸዋለን፤ እትዬ በጸሎትና በቋንጣ። «በቃ ጸሎት ብቻ? ጌታም እኮ ሕዝቡን አስተምሮ ሲያበቃ አብልቷል!» ይላሉ።

ለስብሰባ ድሬዳዋ የሚሄድ መሐንዲስ ከእጃቸው አላመለጠም። ለጫጉላ ሽርሽር የተነሱ ሙሽሮችም አላመለጡም። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ተሸክሜያለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ ሰው በጥላ ሥር ተቀምጦ ለሚቀልጥበት አገር ሁለት ጋቢ ልከዋል። የሚሲዮን ኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ሀብተሥላሴ «የሚያስፈልጋቸውን አስቀድመን ብንጠይቃቸውስ?» ቢሏቸው፣ «የራበው ሰው ይጠየቃል እንዴ?» ብለው አፋቸውን አስዘጓቸው። አንድ የማይሻር ሕግ ግን አላቸው። «ያልቀመስኩትን አልልክም» ይላሉ፤ ከተሰቀለው ቋንጣ ቆርሰው ሳያኝኩ ማዳበሪያ አይታሰርም።

ዋናው ተሸካሚያቸው ጎረቤታቸው ሙዘይን ነው። ሙዘይን በየወሩ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሶላት የማያልፈው ሙስሊም ሆኖ የጴንጤዎቹን ቋንጣ ስድስት ዓመት አመላልሷል። «አደራ ነው እንግዲህ» ይላል እንጂ ሌላ አይጨምርም።

አንድ ቅዳሜ ከመንገድ ሲመለስ እትዬ ቤት ገባና ሳይቀመጥ ቆመ።

«እትዬ፣ ቅር እንዳይልዎት እንጂ... ቋንጣው ይቅርብዎት።»

«ተበላሸ እንዴ?»

«ኧረ አልተበላሸም! ማለቴ... ልዩ ስትሠራው ሽታው ሰፈሩን ያውደዋል። ጎረቤቱ በሙሉ ሙስሊም ነው፣ የክርስቲያን እርድ አይበላም። ሰው መጥቶ ‹ብላ› ማለት እንዳያቅታቸው በር ዘግተው ይበላሉ። እዚያ ደግሞ በር ዘግቶ የሚበላ የለም። ግቢውን ያከራዩዋቸው ሽማግሌ ‹በር ዘግቶ የሚበላ ጎረቤት አይሆነኝም፣ ቤቴን እፈልገዋለሁ› ማለት ጀምረዋል። ጸሎት የሚሰበሰቡትም እዚያው ግቢ ነው።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ዝም አልከኝ?»

«ይሉኝታ ይዞኝ ነው፣ እትዬ።»

እትዬ ገበያነሽ ተቀመጡ። ልጆቼ የሚሏቸውን ሰዎች በር የዘጉት በገዛ እጃቸው ነበር፤ ጭራሽ ያቺን ቤተ ክርስቲያን መጠለያ ሊያሳጧት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አንድም መንገደኛ ሳያስቆሙ ሲቀሩ፣ ሰፈሩ ታመው ይሆናል ብሎ ሊጠይቃቸው መጣ።

በአራተኛው ቀን የሙዘይንን በር አንኳኩ።

«ለአረፋ በሬ ትጥላላችሁ አይደል?»

«ኢንሻ አላህ፣ ላንቻ እነ አጎቴ ግቢ። አራጁም እኔው ነኝ።»

«አንድ መደብ ያዝልኝ።»

«እርስዎ? በእኛ ቅርጫ?» ሙዘይን ግድግዳውን ያዘ።

ቢይዝም አይፈረድበትም። በዚህ ከተማ ክርስቲያንና ሙስሊም እድርና ለቅሶ ይጋራል፣ ስኳር ይበዳደራል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ነው። መጽሐፉ እንደማይከለክል እኛ አማኞቹ አሳምረን እናውቃለን፤ ጉሮሯችን ግን መጽሐፍ አላነበበም።

ሥጋው ተዘልዝሎ ገመድ ላይ ሳይደርቅ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። አቶ ሀብተሥላሴ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ።

«እትዬ ገበያነሽ፣ የእስላም ሥጋ በቤተ ክርስቲያን ስም ይላካል እንዴ? ደግሞስ ‹ያልቀመስኩትን አልልክም› ይሉ የለ?»

የያዟቸው መሰላቸው። እውነትም ይዘዋቸው ነበር፤ እትዬ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው የሙስሊም እርድ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ተነስተው ወደ ገመዱ ሄዱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ከወትሮው ረዘም ያለ ጸሎት አደረጉና ቆርሰው ጎረሱ። አኘኩ። ሦስቱም ሰዎች ጉሮሯቸውን ጉሮሯቸውን ያያሉ። ዋጡ።

«ጨው አንሶታል» አሉና ሌላ ቁራጭ በሳህን አድርገው ለሊቀ መንበሩ ዘረጉ።

አቶ ሀብተሥላሴ ጾም ላይ ነኝ አሉ። የምን ጾም እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ከወር በኋላ ልዩ በቤተ ክርስቲያኑ ስልክ ደውላ የሆነውን ነገረችን። ማዳበሪያውን ያደረሰው ሙዘይን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ቢስሚላህ ብሎ የመጀመሪያውን ጉርሻ በላ። አከራዩ ሽማግሌ ደጃፉ ላይ ቆመው «ማን ነው ያረደው?» ሲሉ ጠየቁ። «እኔው ነኝ» አላቸው። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ በሉ፣ ደገሙ። ሲወጡም ስለ ቤቱ አላነሱም፤ የሚቀጥለው ማዳበሪያ መቼ እንደሚመጣ ብቻ ጠየቁ።

«ጨውስ? ጨው አላነሰውም?» አሉ እትዬ በስልኩ። ከዚያ መነጋገሪያውን እንደያዙ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

አቶ ሀብተሥላሴ ካስከተሏቸው ሁለት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ሳህኑ ወደኔ ሲዞር ሰዓቴን አይቼ ቸኮልኩ፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የዚህች ቤተ ክርስቲያን አባል በመሆኔ ከኮራሁባቸው ቀኖች ሁሉ ግን የሚበልጠው ያው ቀን ነው። ባለፈው ወር ጅቡቲ የሚያደርስ ሥራ ሲገጥመኝ፣ እንደ ወትሮዬ አልተደበቅሁም። በራሴ እግር ሄጄ «እትዬ፣ የሚላክ የለም?» አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝና ከገመዱ አንድ ዝልዝል ቆረሱ።

«ማን እንዳረደው ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ቅመስ።»

ቀመስኩ። ጨዉ ልክ ነበር።